አሮጌ መሣሪያ እስከ መቼ ይጠገናል?



ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አዲስ ልብስ፣ አዲስ ስልክ፣ አዲስ መኪና የማይወድ የለም። ነገር ግን አዲሱ በመጣ ማግስት አሮጌው ወዲያው ከዓለም አይጠፋም። በቤትም ሆነ በፋብሪካ፣ በነጋዴም ሆነ በመንግሥት ድርጅት ዘንድ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሆነው ብዙ ዘመን ይኖራሉ። ሁለቱም ዘይት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም መለዋወጫ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ጠባያቸውን የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። የባለቤቱ ኪስ ግን አንድ ነው። እንግዲህ አንዱ ኪስ ለሁለቱ የማይበቃ በሆነ ጊዜ የትኛው ይቅደም? አሮጌውስ እስከ መቼ ይጠገን?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በእረፍት ጊዜዬ ከአንኮበር በታች ባለው በአጎቴ ወፍጮ ቤት ስረዳ በዓይኔ ያየሁት፣ በጥፋቱም የእኔ እጅ ያለበት ነገር ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎም ታላላቅ ድርጅቶች ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት እናያለን፤ በመጨረሻም ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለሳለን።

የወፍጮ ቤቱ ነገር

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የተቀመጠች፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ የነበረች ጥንታዊት አገር ናት። ከተራራው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የአልዩ አምባን ቆላ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያየዋል። መንገዱ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው። በዚያ አገር እህል ማስፈጨት ማለት ተሸክሞ መውረድና ተሸክሞ መውጣት ማለት ነው። የአጎቴ ወፍጮ ቤት በዚሁ መንገድ ዳር ስላለ ከላይም ከታችም የሚመጣው ሰው ይገናኝበታል።

በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወፍጮዎች አሉ። አንደኛው ሟቹ አያቴ የገዙት በናፍታ የሚሠራው ነው። ሞተሩ ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጭሱ ከጣራው በላይ ይታያል፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ «ወፍጮው ተነሥቷል» እያለ እህሉን ይጭናል። ሁለተኛው መብራት ከገባ በኋላ አጎቴ የገዙት የኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው። ይህኛው ጭስ የለውም፤ ማብሪያውን ሲጫኑት ይነሣል፤ አንድ ኩንታል ለመፍጨት የሚያስወጣውም ገንዘብ ከናፍታው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን የሚሠራው እሱ ሲሆን ናፍታው መብራት በጠፋ ጊዜ ብቻ ይነሣል። ከእነዚህ ሌላ በቤቱ ማእዘን ጆንያ ለብሶ የተቀመጠ አንድ የሞተ ሞተር አለ። እሱም ከናፍታው ጋር ዓይነቱ አንድ ስለ ሆነ እኛ ልጆቹ «ወንድምየው» እንለዋለን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አጎቴ ለወፍጮ ቤቱ ማደሻ 18 ሺህ ብር ለይተው አስቀመጡ። የሚጠገነው ግን ብዙ ነበር። የናፍታው ሞተር ፓምፕ ያንጠባጥባል፤ የኤሌክትሪኩ ወፍጮ ድንጋይ ስላለቀ ዱቄቱ ይሻክራል፤ ሚዛኑ ያዳላል እየተባለ ይታማል፤ ጣራውም ያፈሳል። አጎቴ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ «ጋሼ፣ ይህ አሮጌ ብረት በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ለብረት ገዢ ይሽጡትና ገንዘቡን ሁሉ በየቀኑ ለሚሠራው ያድርጉት» አልኳቸው። እሳቸውም መሸጡን እንቢ ቢሉም ምክሬን በግማሽ ተቀበሉ። ድንጋዩ ተለወጠ፤ ጣራው ታደሰ፤ ሚዛን ተገዛ፤ ግድግዳውም ቀለም ተቀባ። የናፍታው ፓምፕ ግን «ለሚመጣው ዓመት» ተባለ።

በነሐሴ መጨረሻ ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ የመብራቱን ምሰሶ ጣለ። መብራት 11 ቀን ጠፋ። ሦስት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ናፍታውን ለማስነሣት ቢታገሉ አልነሣ አለ። አጎቴ ፓምፑን ፈትተው ወደ ከተማ ይዘውት ቢሄዱ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «የዚህ ዕቃ መምጣት ከቀረ ቆየ፤ ይጣሉትና ሌላ ሞተር ይግዙ» ብሎ መለሳቸው። ሌላ ሞተር የሚገዛ ገንዘብ ግን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ያየሁትን አልረሳውም። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሴት አያቴ ብዙ ዘመን ሥራ ፈቶ የነበረውን የድንጋይ ወፍጮና መጁን አራግፈው፣ ወቅረው፣ ጎንበስ ብለው መፍጨት ጀመሩ። ሌሊት ተነሥተው የፈጩት ለአንድ ቀን እንጀራ ቢበቃ ነው። ነፍሰ ጡር የነበረች ጎረቤታችን እህሏን ተሸክማ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ቁልቁለቱን ወርዳ ማታ ደክማ ተመለሰች። አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ለማንም አልፈጨለትም። አያቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን የመጁን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አፍር ነበር።

ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ነገሮች

ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስኩ በኋላ ስሕተቴ የት ላይ እንደ ሆነ ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ የቆጠርኩት ናፍታው በዓመት የሚሠራበትን ቀን ነበር። እሱ ባይኖር በዚያው ቀን የሚቸገረውን ሰው ግን አልቆጠርኩም። መምህራንን እየጠየቅሁና ያገኘሁትን እያነበብኩ ስሄድ፣ ገንዘቡ አጭር የሆነ ድርጅት ሁሉ አሮጌውን ከመጠገኑ ወይም ከመተዉ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ እንደሚገባው ተረዳሁ። እነሱም፦

1ኛ/ ይህ መሣሪያ ቢቆም ከእሱ ጋር ማን ይቆማል?

2ኛ/ የእሱን ሥራ ሊሠራ የሚችል ምትክ አለ ወይ?

3ኛ/ መለዋወጫውና ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከየት ይገኛል?

4ኛ/ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ከየትኛው ሌላ ሥራ ላይ ይቀነሳል?

ዕድሜ ከአራቱ ውስጥ እንዳልገባ ልብ በሉ። መሣሪያው ስንት ዓመት ሆነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ይህንንም በሦስት የታወቁ ነገሮች፣ ማለት በስልክ፣ በአውሮፕላንና በምድር ባቡር ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ስለ ስልክ

ለአንደኛውና ለሁለተኛው ጥያቄ ምስክር የሚሆነን በየኪሳችን ያለው ስልክ ነው። በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያ ጊዜ የመጣው «ሁለተኛው ትውልድ» የሚባለው ሲሆን ሥራውም በተለይ ድምፅና አጭር መልእክት ማስተላለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ትውልድ መጣ፤ አራተኛው በ2007 ዓ.ም.፣ አምስተኛው በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመሩ። እያንዳንዱ ትውልድ በአየር ላይ የራሱን ሞገድ፣ በማማው ላይም የራሱን መሣሪያና የራሱን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ሁሉንም ለዘለዓለም ሊያኖር አይችልም፤ አንድ ቀን አንዱን መዝጋቱ አይቀርም።

ታዲያ መጀመሪያ የሚዘጋው ከሁሉ ያረጀው ነው ትሉ ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በጀርመን አገር ያሉ የስልክ ኩባንያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የዘጉት ሦስተኛውን ትውልድ ነው፤ ከእሱ የሚያረጀውን ሁለተኛውን ግን አቆዩት። ምክንያቱ ምንድን ነው? የሦስተኛውን ሥራ አራተኛው በተሻለ ሁኔታ ይሠራዋል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ግን የቆዩ ስልኮች ብቻ ሳይሆኑ የአሳንሰር አደጋ መጥሪያዎች፣ በመኪና ውስጥ የተገጠሙ መሣሪያዎችና ሌሎችም ሰው የማይነጋገርባቸው ብዙ ዕቃዎች ተንጠልጥለውበታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ ከባድ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ ሁለተኛውን በ2017 መግቢያ፣ ሦስተኛውን በ2022 ዘግቷል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ እንደየአገሩና እንደየደንበኛው ይለያያል ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲጀምር ዘመናዊ ስልክ ላለው ሰው የሚሆነውን ብቻ አዘጋጅቶ አልተወም። ቁልፍ ባላት ትንሽ ስልክ የሚጠቀመውም ሰው *127# ብሎ ገንዘብ እንዲልክና እንዲቀበል አደረገ። በዚህ ጊዜ ለቆየችው ስልክ የወጣው ድካም ከንቱ አይደለም። አዲሱ ሥራ አሮጌውን ስልክ ከያዘው ሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው በእሷ በኩል ነውና። የአጎቴ ስልክም እንዲህ ያለችው ናት።

ስለ አውሮፕላን

ለሦስተኛው ጥያቄ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ እንመልከት። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። የተጀመረበትም አውሮፕላን ሲ 47 የሚባለው፣ ከዲ ሲ 3 የወጣ የጦርነት ጊዜ ሥራ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ገብተው ወደ ሩቅ አገር መብረር ሲጀምሩ ድርጅቱ አሮጌዎቹን ዲ ሲ 3ዎች ወዲያው አልጣላቸውም። በአገር ውስጥ መስመር ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል።

ይህ ለምን ሆነ? አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የአውራጃ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሣርና አፈር ነበሩ። ጄቱ እዚያ ሊያርፍ አይችልም፤ ዲ ሲ 3 ግን ያርፋል። ስለዚህ ምትክ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከ10 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ስለ ተሠሩ መለዋወጫቸው በዓለም ሁሉ ተበትኖ ይገኝ ነበር። ሦስተኛ፣ አየር መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የራሱን መካኒኮች በራሱ ቤት ያሠለጥን ነበር። አዲሱ ጄት በመጣ ጊዜም ለአሮጌው የሚሆን እጅና ዕውቀት አልጠፋም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። አሮጌ መሣሪያ ርካሽ የሚሆነው ወንድሞቹ ብዙ ሲሆኑ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ከሆነ መለዋወጫው ይገኛል፤ ጥቂት ከሆነ ግን እያንዳንዷ ብሎን በቶርኖ መቀረጽ አለባት። በሌላ በኩል መንገዱ ሲሠራና ማረፊያው በአስፋልት ሲለበስ የዲ ሲ 3 ብልጫ እያነሰ መሄዱ አልቀረም። አየር መንገዱም ከጊዜ በኋላ በሌሎች ተክቷቸው፣ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበ ሆነ። ሲቆይ ምክንያት ነበረው፤ ሲተውም ምክንያት ነበረው።

ስለ ምድር ባቡር

ለአራተኛው ጥያቄ የምድር ባቡራችን ታሪክ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። ቀድሞ አንኮበርን ዋና ከተማቸው አድርገው የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። የድሬዳዋው መጠገኛ ቤት ከውጭ የማይገኘውን መለዋወጫ ራሱ እየቀረጸ ባቡሩን ለብዙ ዘመን አኖረ። እነዚያ ሠራተኞች ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

ነገር ግን የሙያተኛ ብልኀት ብቻውን አይበቃም። ከባድ መኪናዎች በዙ፤ ጭነቱ በአሰብ መንገድ መሄድ ጀመረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መስመሩ ተቋረጠ፤ ድልድዮችም ተሰበሩ። ከዚያ በኋላ ችግሩ እንደ ወፍጮ ዞረ። ጭነት ሲያንስ ገንዘብ ያንሳል፤ ገንዘብ ሲያንስ ጥገናው ይቀራል፤ ጥገናው ሲቀር ባቡሩ ይዘገያል፤ ባቡሩ ሲዘገይ ነጋዴው ጭነቱን ለመኪና ይሰጣል። ጥቂት ገንዘብ በ784 ኪሎ ሜትር ላይ ሲበተን ለየትኛውም ኪሎ ሜትር አይበቃም።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ አቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ያለው ግን ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት አልፎ አልፎ ይሄድ ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ። የዚህኛው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ የአሮጌው ባቡር ጎማ አይሄድበትም፤ የአሮጌውም መለዋወጫ አያገለግለውም። አሮጌውና አዲሱ እንዲህ ፈጽመው በማይገናኙበት ጊዜ አንዱ ለሌላው ሊረዳው አይችልም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ለሁሉ ማዳረስ የማይችል ሰው ሁሉንም በጥቂቱ ከማስታመም ይልቅ የሚያድነውን መርጦ ቢያድን ይሻላል። ምርጫው ያማል፤ አለመምረጥ ግን የባሰ ያማል።

አሮጌውን መተው ሲያስፈልግ

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ ሰው «ይህ ልጅ አሮጌውን ሁሉ አትጣሉ ይላል» ብሎ እንዳያስብ እሰጋለሁ። ለሞተ ነገር ገንዘብ ማፍሰስ ለሕያው ነገር የሚሆነውን ማባከን ነው። የሚተወው ግን እንዴት እንደሚተው ማወቅ ያስፈልጋል።

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ ኤክስፒን በ1994 ዓ.ም. አውጥቶ እስከ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድረስ ሲደግፈው ቆየ። ዊንዶውስ 10ንም እንዲሁ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደገፉን አቁሟል። በሁለቱም ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ ከብዙ ዓመት በፊት የታወቀ ነበር። መዘግየት ግድ ለሆነበትም ሰው ለተጨማሪ ጊዜ ጥበቃ የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋጀ። ከዚህም በላይ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በዓለም ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ባስጨነቀ ጊዜ፣ ኩባንያው ድጋፉ ካለቀ 3 ዓመት ላለፈው ለኤክስፒ እንኳ መከላከያ አወጣ። ድጋፉ አልቋል ቢባልም በአሮጌው የሚሠራ ሰው አለመጥፋቱን ያውቅ ነበርና።

አንድ ድርጅት «ከዚህ ቀን በኋላ አልረዳችሁም» ብሎ በጊዜ ቢናገር ደንበኛው ሊቀየመው ይችላል፤ ነገር ግን መላ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል። ሳይናገር የተወ ግን ሰውን በመንገድ መካከል እንደ ጣለ ይቆጠራል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንመለስ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት እንደገና ወደ አጎቴ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ 20 ሺህ ብር ነበራቸው፤ የሚጠገነውም እንደ ልማዱ ብዙ ነበር። እኔም እንደ ድሮው አልቸኮልኩም። በደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ የሚጠገነውን ሁሉ በጎን ጻፍኩ፤ አራቱን ጥያቄዎች በላይ ጻፍኩ፤ ማታ ማታ ከአጎቴ ጋር ተቀምጠን መልሱን ሞላነው። አጎቴ ፊደል ብዙ ባይቆጥሩም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከእኔ የተሻለ መልስ ነበራቸው። ቢቆም ማን ይቸገራል ስላቸው ቤቶቹን በስማቸው እየጠሩ ይቆጥሩልኝ ነበር።

ውሳኔያችን ይህ ሆነ። ከ«ወንድምየው» ላይ ፓምፑን ነቅለን ለናፍታው ገጠምን። ያለቀውን ቁራጭ ብረት ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት አስቀረጽን። ለዚህ ሁሉ የወጣው 7 ሺህ ብር ነው። ለኤሌክትሪኩ ወፍጮ ቺንጋና ኩሽኔታ ገዛን፤ እሱ ከቆመ በየቀኑ የሚመጣው ሰው ይቆማልና። የተረፈውን ለናፍታ መግዣ አስቀመጥን። በሩና ግድግዳው ሳይነካ ቀረ። የእህል መክተቻው ሣጥንም በሽቦ እንደ ታሰረ ቀረ፤ ሣጥኑ ቢጎድፍም ይሠራል።

በነሐሴ መብራት 5 ቀን ጠፋ። ናፍታው በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ድምፁን የሰማው ሰው ከላይም ከታችም መጣ። ይሁን እንጂ ሁሉ በደስታ ተፈጸመ ብዬ ብዋሽ አይገባኝም። ሞተሩ አርጅቷልና ቶሎ ይግላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ማረፍ አለበት፤ ናፍታውም ጥቂት ነው። ስለዚህ አጎቴ «በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና ይፈጫል፤ አራስ ያለበት ቤት ይቅደም፤ የተረፈው ከዚያ በኋላ ይታያል» ብለው ሥርዓት አወጡ። ለተዝካር አንድ ኩንታል ጭነው የመጡ አንዲት እናት በዚህ በጣም አዘኑ። አጎቴም «እትዬ፣ ዛሬ ሁሉ ሰው ለነገ እንጀራው ይፍጭ፤ የእርስዎን ተነገ ወዲያ እኔው ራሴ እፈጭልዎታለሁ» አሏቸው። የእሳቸው እህል የተፈጨው ግን በአራተኛው ቀን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ቅር ይለኝ ነበር። ጥቂቱን ለብዙው የሚያካፍል ሰው ሁሉን ሊያስደስት አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አጎቴ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዕድርተኛው በተሰበሰበበት ቀን ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ይህ ሞተር መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ከሞተው ሞተር ላይ የሚነቀል ጥቂት ዕቃ ቀርቶናል። ሁለት ዓመት፣ ግፋ ቢል ሦስት ዓመት ቢያገለግል ነው። አሁኑኑ የምነግራችሁ በቆመ ቀን እንዳትደነግጡብኝ ነው።» ሰዎቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ተዋጥቶ መለዋወጫው በገበያ የሚገኝ ሞተር ይገዛ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ ገና አላለቀም፤ መዋጮው ግን ተጀምሯል። አያቴም ከሁሉ አስቀድመው አዋጡ። የድንጋይ ወፍጯቸውን ግን አልጣሉትም። «ይኸ መለዋወጫ አይፈልግም» ይላሉ።

ማጠቃለያ

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ከእኛ መካከል መካኒክ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ የሚሆን አለ። በምንገባበት ሥራ ሁሉ አሮጌና አዲስ መሣሪያ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁናል፤ ገንዘቡም ለሁለቱ የሚበቃ አይሆንም። በዚያን ጊዜ እንደ እኔ ዕድሜውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ማን እንደሚቆም፣ ምትክ እንዳለ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚቀነስ ጠይቁ። ለማቆየት ከወሰናችሁ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አስቀድማችሁ ጠግኑ። ለመተው ከወሰናችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ክቡራን መምህራንና ወላጆቻችን ሆይ፤ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ «ተበላሸ» ተብለው የተቀመጡ ኮምፒዩተሮችና ሌሎች ዕቃዎች አይጠፉም። ከሦስት የሞቱ አንድ ሕያው ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ ስላለ፣ እኛ ተማሪዎች በእናንተ መሪነት እየፈታን እንድንማርባቸው ብትፈቅዱልን ዕውቀትም ዕቃም እናተርፋለን ብዬ አምናለሁ።

እኔ በበኩሌ የናፍታውን ድምፅ በሰማሁ ጊዜ ሁሉ ከእሱ በፊት የሰማሁት የአያቴ መጅ ድምፅ ትዝ ይለኛል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ስለዚያ ነው።